የሥዕል ሀሁ በታሪካችን ውስጥ፤ መሥመር፣ ቀለም፣ ርቀትና ብርሃን

ሥዕል የራሱ ፊደል አለው። የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ፣ ይኸውም የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ በሥነ ጥበብ ትምህርቱ መግቢያ ላይ የሚያገኘው ይህንኑ ፊደል ነው። መሥመር፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላ፣ የገጽ ልስላሴና ሸካራነት፣ ርቀት፣ በመጨረሻም እነዚህን ሁሉ አዋሕዶ የሚይዘው ቅንብር በተራ ይዘረዘሩለታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፊደሉ የሚሰጠው እንደ መዝገበ ቃላት ነው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ፍቺውን ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተና ቀን የገለበጠውን መልሶ ይሰጣል። የቅኔን ሕግ በቃሉ አጥንቶ አንድ ቤት እንኳ ሳይቆጥር እንደሚቀር የቅኔ ተማሪ ሁሉ፣ የመሥመርን ፍቺ አሳምሮ የሚያውቅ ግን በገዛ እጁ አንዲት ሕያው መሥመር ያልሰነዘረ ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ የሥዕል መሠረታውያን ሐሳቦች በአገራችን ሠዓልያን እጅ ምን መልክ እንደ ያዙ በአጭሩ ማሳየት ነው። የሚነሣውም ነጥብ አንድ ነው። መሥመርም ሆነ ርቀት፣ ቀለምም ሆነ ጥላ፣ ከአንድ አህጉር ብቻ ፈልቆ ለሌላው የታደለ ደንብ አይደለም። እያንዳንዱ፣ የሰው ልጅ ለገጠመው ችግር በየዘመኑና በየአገሩ የሰጠው መልስ ነው። ችግሩም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ወርድና ቁመት ብቻ ባለው ልሙጥ ገጽ ላይ ዓለምን እንዴት አድርጎ ማሳደር ይቻላል? ለዚህ ጥያቄ የእኛም አባቶች መልስ ሰጥተዋል። መልሳቸውን የማያውቅ መምህር ግን ሳያስበው የተማሪውን እጅ ያስራል።

መሥመር

በአድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት የግዕዝ ወንጌሎች በሥዕል ከተጌጡት የዓለም ክርስቲያናዊ መጻሕፍት መካከል ከጥንታውያኑ የሚመደቡ ናቸው። በብራናቸው ላይ የተደረገው የሬዲዮካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ገጾች ላይ ዓምዶች ቆመዋል፤ በዓምዶቹ ላይ ቅስቶች ተዘርግተዋል፤ ከቅስቶቹም በላይ አዕዋፍ አርፈዋል። ዓምዱ ቀጥ ያለ መሥመር ነው፤ ቅስቱ የታጠፈ መሥመር ነው። አንዱ ይሸከማል፣ ሌላው ያገናኛል። የመጀመሪያው የመሥመር ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያሻውም።

ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናት፣ በተለይም በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት፣ ሐረግ የተባለው ጌጥ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ለመለመ። ሐረግ እንደ ስሙ ነው፤ ይጠማዘዛል፣ ይጋጠማል፣ ራሱን በራሱ ይሻገርና ተመልሶ ይወጣል። ሲያዩት የእጅ ስልት ብቻ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሥርዓት ነው። ቁም ጸሐፊው መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ይነጥባል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብም ያለ ቀለም በሹል መሣሪያ ያሰምራል። ፊደሉም ሐረጉም የሚያርፉት በዚህ በማይታይ መሥመር ላይ ነው። ዛሬ በክፍል ውስጥ ድግግሞሽ፣ ምት፣ ተመጣጣኝነት እየተባለ የሚጠራው ሁሉ በአንድ የሐረግ ራስጌ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ተማሪው ማስመሪያና እርሳስ ይዞ አንዱን የሐረግ ቋጠሮ ከመነሻው እስከ መድረሻው ቢከተል፣ መሥመር ጉዞ መሆኑን ከፍቺው ይልቅ በጣቱ ያውቀዋል።

ቀለም

የቀለም ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀለም ክብ ነው። ቀለማትን በክብ ያደራጀው እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ሲሆን፣ የብርሃን ጥናቱን በመጽሐፍ ያወጣው በ1704 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መሠረታውያን ይባላሉ፤ ከእነርሱ መደባለቅ ሌሎቹ ይወለዳሉ። ይህ ዕውቀት ለተማሪ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን የአገራችን ሠዓልያን ክቡ ሳይታያቸው መደባለቁን ያውቁት ነበር። በጥንታውያን ብራናዎችና የገበታ ሥዕሎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች እንደ ታወቀው፣ አረንጓዴውን ብዙ ጊዜ ያገኙት ኦርፒመንት የተባለውን ቢጫ ማዕድን ኢንዲጎ ከተባለው ከተክል ከሚወጣ ሰማያዊ ጋር በመቀየጥ ነው። ለቀዩ ሲናባር የተባለውን ማዕድን ይጠቀሙ ነበር። ጥቁሩ ደግሞ ከጥላሸት ይዘጋጃል። ከእነዚህ ቀለማት አንዳንዶቹ ከባሕር ማዶ በንግድ የሚመጡ ስለ ነበሩ ዋጋቸው ቀላል አልነበረም፤ ስለዚህም የሰማያዊ መብዛት በአንድ ሥዕል ላይ የሠዓሊውን ምርጫ ብቻ ሳይሆን የአሠሪውንም አቅም የሚናገር ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር ይገባል። ኦርፒመንት አርሴኒክ፣ ሲናባር ሜርኩሪ ያለባቸው መርዛማ ማዕድናት በመሆናቸው ለልጆች እጅ አይሰጡም። ይሁን እንጂ የአሠራሩ መንገድ ሳይጎዳ መቅረብ ይችላል። ቀይ አፈር ተሰልቆና ተነፍቶ፣ እርድ ተወቅጦ፣ ከሰል ደቅቆ፣ ሁሉም በእንቁላል አስኳል ወይም በሙጫ ሲለወስ ቀለም ይሆናል። ሱቅ በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት ቀለም የለም ማለት አይደለም። ተማሪው ቀለሙን ራሱ ሲሠራው፣ ቀለም ዱቄትና አጣባቂ መሆኑን፣ አጣባቂው ሲያንስ እንደሚረግፍ፣ ሲበዛ እንደሚሰነጠቅ በዐይኑ ያያል።

ቅርጽና ፊት

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን የታወቀ ልማድ አለ። ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው እንዲታይ ሆነው ፊት ለፊት ወይም በመጠኑ ዘወር ብለው ይሣላሉ፤ አጋንንትና የክፋት ሰዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ይታያሉ። ይህን ያየ የውጭ ሰው የችሎታ ጉድለት ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ጉድለት ሳይሆን ንግግር ነው። ሁለት ዐይኑን ለተመልካቹ የሰጠ ሰው ከተመልካቹ ጋር ይነጋገራል፤ ዐይኑን የነፈገ ከጉባኤው ውጪ ነው። በመድረክ ሥራ የኖርን ሰዎች ይህን ቋንቋ እናውቀዋለን። ንጉሡን የሚጫወተው ተዋናይ መሐል ቆሞ ፊቱን ለሕዝቡ ይሰጣል፤ ሤረኛው ከመጋረጃው ሥር በጎኑ ይገባል።

ይኸው ቋንቋ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ታሪክን ለመተረክ አገልግሏል። የአድዋን ጦርነት (1888 ዓ.ም.) የሚያሳዩት በልማዳዊ ስልት የተሣሉ ሥዕሎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ቅንብር አላቸው። የኢትዮጵያ ሠራዊት ከአንድ ወገን፣ የኢጣልያ ሠራዊት ከሌላው ወገን ይሰለፋል፤ በመካከሉ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ይታያል፤ አፄ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሆነው ይሣላሉ። ወራሪዎቹም እንደ ቀድሞው ልማድ በጎን ፊት ይመጣሉ። አንድ የሰባተኛ ክፍል መምህር ከዚህ ሥዕል የአንድ ወር ትምህርት ማውጣት ይችላል። ሚዛን ምንድን ነው? ሁለቱ ጎኖች እኩል ሆነው ሳለ ዐይናችን ወዴት ያዘነብላል? ለምን? ሠዓሊው ማንን አስበልጦ ሣለ? እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰ ልጅ ቅንብርን ተምሯል።

ርቀት

አሁን ወደ ጽሑፉ እምብርት እንግባ። በ1435 (እ.ኤ.አ.) በፍሎረንስ ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ ስለ ሥዕል የሚናገር መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉም ፐርስፔክቲቭ የሚባለውን የርቀት ሕግ በቃልና በስሌት አብራራ። በዚህ ሕግ ሥዕል እንደ መስኮት ነው። ተመልካቹ በአንድ ስፍራ ቆሞ በአንድ ዐይን እንደሚያይ ይታሰባል፤ ወደ ሩቅ የሚሄዱ ትይዩ መሥመሮች በአድማስ ላይ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ ቅርብ ያለው ይተልቃል፣ ሩቅ ያለው ያንሳል። የመንገድ ዳር የመብራት ምሰሶዎች እየራቁ በሄዱ ቁጥር ሲያጥሩ የምናየው በዚሁ ሕግ ነው።

ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1434 (እ.ኤ.አ.)፣ በኢትዮጵያ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነግሠው ነበር። እስከ 1468 (እ.ኤ.አ.) በቆየው ዘመነ መንግሥታቸው የማርያም ክብር በሥርዓት የተደነገገበት፣ ሥዕሏም በቅዳሴው ቦታ የተሰጠው ጊዜ ነበር። ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ የሠራው በዚህ ዘመን ነው። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኘው የገበታ ሥዕሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ መሐል ተቀምጣለች፤ ሊቃነ መላእክት ከግራና ከቀኝ ቆመዋል። በዚህ ሥዕል ውስጥ የአልቤርቲ መስኮት የለም። መሥመሮች ወደ አድማስ አይሸሹም። መጠንን የሚወስነው ርቀት አይደለም፤ ክብር ነው። የከበረው ይተልቃል፣ የሚያገለግለው ያንሳል። ተመልካቹ በመስኮት አሻግሮ የሚያይ እንግዳ ሳይሆን በፊቷ የቆመ ጸሎተኛ ነው።

ሁለቱ ሰዎች የአንድ ዘመን ሰዎች ነበሩ። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጡ። አልቤርቲ «ዐይኔ ከቆመበት ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ለካ፤ ፍሬ ጽዮን «ለልቤ ምን ያህል ይከብራል?» ብሎ ለካ። ሁለቱም ልኬት ነው፤ ሁለቱም ሕግ አለው፤ በሁለቱም ሰነፍ ሠዓሊ ይሳሳታል፣ ብርቱው ይሳካለታል።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም፤ በየክፍሉ በየቀኑ የሚፈረድ ጉዳይ ነው። ልጅ ቤተሰብህን ሣል ሲባል ብዙ ጊዜ እናቱን ከቤቱ አስበልጦ ይሥላል። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ «ስህተት» ይልበታል። የጠየቀው የርቀትን ሕግ ከሆነ በእርግጥ ተሳስቷል፤ ሕጉን ሊማር ይገባዋል፤ የቤት ንድፍ የሚነድፍ፣ መድረክ የሚያዘጋጅ፣ ማሽን የሚሥል ሰው ያለ እርሱ አይሠራም። ያልጠየቀው ከሆነ ግን ልጁ የሠራው የፍሬ ጽዮንን ሥራ ነው። ያን ቀይ ምልክት ያየ ልጅ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ እጁ እንደማይችል ይማራል። ሁለተኛ፣ እሑድ ከእናቱ ጋር ሄዶ በቅጥሩ ውስጥ የሚያየው የአባቶቹ ሥዕልም ስህተት መሆኑን ሳይነገረው ይማራል። የመጀመሪያው ሠዓሊ ያሳጣናል፤ ሁለተኛው ወራሽ ያሳጣናል።

ብርሃንና ጥላ

ይህን ስንል አባቶቻችን በራቸውን ዘግተው ነበር ማለታችን አይደለም። ታሪኩ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በ15ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ ከ1520 እስከ 1526 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም አግኝቶታል። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የማርያም ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን አማካይነት ገብቶ ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በአገራችን እጅግ ተስፋፍቷል። በ16ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል የእንጨት ኅትመት ሥዕሎችም ለጎንደር ሠዓልያን መነሻ ሆነዋል። ሠዓልያኑ ግን የተቀበሉትን እንዳለ አልገለበጡም። ጥቁርና ነጩን ኅትመት በቀለም አለበሱት፤ የበዛውን ጥላ አነሡ፤ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መለሱ።

የጎንደር ሥዕል ሁለት ስልቶች ለብርሃንና ጥላ ትምህርት የተመቹ ናቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት በተስፋፋው በመጀመሪያው ስልት ቀለሙ ደማቅና አንድ ወጥ፣ ጀርባው ልሙጥ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በገነነው በሁለተኛው ስልት ግን ፊቶች በጥላ ይከበባሉ፤ ጉንጭና አገጭ ክብደት ያገኛሉ፤ ጀርባው ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይሸጋገራል፤ ልብሶቹም በውድ ጨርቅ ጌጥ ይሞላሉ። እቴጌይቱ ባሠሯት በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እርሳቸው ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ግዛት ያላት ንግሥት ከታች፣ በትንሹ፣ በግንባሯ ወድቃ ትታያለች። እነሆ፣ ጥላውና የጨርቁ ጌጥ አዲስ ነው፤ የመጠኑ ሕግ ግን የፍሬ ጽዮን ነው። አዲሱን መቀበልና የራስን መያዝ በአንድ ግድግዳ ላይ አብረው ኖረዋል።

ከደቀ መዝሙርነት ወደ ትምህርት ቤት

በጥንቱ ልማድ ሠዓሊ የሚወጣው በደቀ መዝሙርነት ነበር። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ሥር ሆኖ ቀለም ይሰልቃል፣ ገበታውንና ጨርቁን ያዘጋጃል፣ መምህሩ የነደፈውን በቀለም ይሞላል፤ ንድፉ የሚሰጠው እጁ ከጸና በኋላ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቅደም ተከተሉን ለወጠው። በፓሪስ የተማሩት አገኘሁ እንግዳ የአውሮፓን የአሣሣል ዘዴ ካመጡት ቀዳሚዎች አንዱ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ በቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም ደግሞ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስማቸውን ይዞ ይገኛል። በዚያ ከሕያው ሰው መንደፍ፣ የሰውነት አካል ጥናት፣ የርቀት ሕግ፣ ቅርጻ ቅርጽና ኅትመት ትምህርት ሆነው ተሰጡ።

እዚህም ላይ ታሪኩ አንድ መንገድ ብቻ አልያዘም። በጀርመን በኮሎኝ የተማሩት ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ የሚታወቅ ነገር ሳይሣልም ቅርጽና ቀለም ብቻቸውን ሊናገሩ እንደሚችሉ በክቦቻቸው አሳዩ። እስክንድር ቦጎሲያን ከለንደንና ከፓሪስ ተመልሰው ከ1966 እስከ 1969 (እ.ኤ.አ.) ሲያስተምሩ፣ ዐይን የበዛባቸውን የክታብ ጥቅልሎች የዘመናዊ ሥዕል ምንጭ አደረጉ። ዘሪሁን የትምጌታ ብራናን በቀርከሃ ላይ እየወጠሩ ሣሉ፤ በ1992 (እ.ኤ.አ.) በዳካር በተካሄደው የሥነ ጥበብ ትርኢትም ሽልማት አገኙ። እነዚህ ሠዓልያን የውጭውን ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ ብራናውና ወደ ክታቡ የዞሩት ወደ ኋላ ለመሸሽ አልነበረም። ያልተጠናቀቀ ጥያቄ እዚያ ስላገኙ ነው።

ለመምህሩ የቀረው

ይህ ቅርስ በልጆቻችን ዐይን ፊት ሁልጊዜ የሚገኝ አይደለም። በ1868 (እ.ኤ.አ.) ከመቅደላ የተዘረፉት ብዙ የብራና መጻሕፍት እስከ ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። በ1932 (እ.ኤ.አ.) በጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በሚመራ ጓድ ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ፓሪስ ተወስደዋል፤ በቦታቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊ የሠራቸው ቅጂዎች ተተክተዋል። ኦሪጅናሉ ሄዶ ቅጂው ሲቀር ምን እንደሚጎድል ማስተዋል የሚችለው ግን ዐይኑ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። መሥመርን ከመሥመር፣ ሕያው እጅን ከተከታይ እጅ መለየት ያልቻለ ትውልድ ቅርሱ ሲወሰድበት አያውቅም፤ ሲመለስለትም አይደነቅም። የሥነ ጥበብ ትምህርት የትርፍ ጊዜ መሙያ ያልሆነበት ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ የክወናና የእይታ ጥበባት መምህር እያንዳንዱን የሥዕል ሐሳብ ከሁለት ምሳሌ ጋር ቢያስተምር መልካም ነው። ርቀትን ሲያስተምር አንድ ጊዜ መንገዱንና ምሰሶዎቹን በአድማስ ነጥብ ያሥል፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያንኑ መንገድ በክብር መጠን ያሥል፤ ከዚያም ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅሎ ምን እንደተገኘና ምን እንደቀረ ያነጋግር። ጥላን ሲያስተምር አንድ እንስራ በመስኮት ብርሃን ፊት አቁሞ በከሰል ያስነድፍ፤ ቀጥሎም ያንኑ እንስራ ያለ ጥላ፣ በመሥመርና በአንድ ወጥ ቀለም ብቻ ያሥል። በአዲስ አበባ ያለ ትምህርት ቤት ልጆቹን በስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይውሰድ፤ በገጠር ያለው ደግሞ በአጠገቡ ካለው ደብር አለቃ ፈቃድ ጠይቆ ግድግዳውን ያሳይ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አካባቢ ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ ጥልፍና የቤት ግድግዳ ጌጥ አለ፤ በሰፌዱ ክብ ውስጥ ድግግሞሽም፣ ምትም፣ የቀለም ተቃርኖም ተሰፍቶ ይገኛል።

የባህል ሠራተኛውም ድርሻ አለበት። በየወረዳው የሚሠሩ ቀለም ለዋሾች፣ ሐረግ ጣዮች፣ ሰፌድ ሰፊዎች ስማቸው ይመዝገብ፤ በዓመት አንድ ቀን እንኳ በክፍል ፊት ቆመው እጃቸውን ያሳዩ። ሠዓልያን ደግሞ ንድፋቸውን ብቻ ሳይሆን ያበላሹትንና የደለዙትን ወረቀት ይዘው ይምጡ፤ ልጅ ከተጠናቀቀ ሥዕል ይልቅ ከሚታረም ንድፍ ይማራልና።

በዚህ መንገድ የተማረ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሁሉ ሠዓሊ አይሆንም፤ እንዲሆንም አይጠበቅም። ነገር ግን እናቱን ከቤቱ አስበልጦ ሲሥል ለምን እንዳስበለጣት ይናገራል፤ አሳንሶ ሲሥላትም ምን ያህል እንደራቀች ለክቶ ያሳያል። ሁለቱን ቋንቋ የሚናገር ልጅ ለማንም ጌታ የማይሰግድ፣ ከማንም ጋር መነጋገር የሚችል ዐይን አለው።